ባዮዲዝልን በውሃ መጣጭ ጄል ማድረቅ፦ ከማጥለል እስከ መጨረሻው ፊልትሮ

ያገለገለ የምግብ ዘይት ሰብስቦ ባዮዲዝል፣ ማለትም በናፍጣ ምትክ የሚነድ ነዳጅ፣ የሚሠራ ሰው ተረፈ ምርቱ ግሊሰሪን ተለይቶ ወርዶ፣ ነዳጁ ታጥቦ ሲያየው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የታጠበ ነዳጅ ግን እርጥብ ነዳጅ ነው። ውስጡ የቀረው ውሃ የናፍጣ ፓምፑን ያዝጋል፣ ኖዝሉን ይበላል፣ በርሜሉ ታች ተኝቶም ፊልትሮ የሚደፍን ዝልግልግ አተላ የሚያፈሩ ባክቴሪያዎችንና ፈንገሶችን ያራባል። ከቆየ ደግሞ ነዳጁን ራሱን እየሰባበረ አሲድ ያደርገዋል። የአሜሪካው ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ዲ 6751 ደረጃ ውሃና ዝቃጭ ተደምረው በመጠን ከ0.05 በመቶ እንዳይበልጡ፣ የአውሮፓው ኢ.ኤን 14214 ደግሞ ውሃው በኪሎ ከ500 ሚሊግራም እንዳያልፍ የሚያዙት ለዚህ ነው። በ100 ሊትር ሲሰላ ይህ አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ውሃ ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ ችግር ርካሽ መፍትሔ ብሎ የሚጠቅሰው ዳይፐር ውስጥ ያለውን ነጭ ዱቄት ነው። ስሙ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ነው። አንድ ማንኪያው አንድ ብርጭቆ ውሃ ሲያረጋ ያየ ሰው፣ «በርሜል ውስጥ ብጨምረው ነዳጄ በአንድ ሌሊት ይደርቃል» ቢል አይፈረድበትም። ጄሉ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ግን ቃራሚ እንጂ አጫጅ አይደለም። አጫጆቹ ማጥለልና ማሞቅ ናቸው። ጄሉ የሚገባው እነሱ ከጨረሱ በኋላ የቀረውን ለመልቀም ነው። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ዱቄት ያባክናል፤ ነዳጁም እርጥብ እንደሆነ ይቀራል።

ጄሉ የሚችለውና የማይችለው

በባዮዲዝል ውስጥ ውሃ በሦስት መልክ ይገኛል። አንደኛው ተለይቶ ታች የተኛው ነው፤ ይህ በዓይን ይታያል፣ በሩቢኔቶ ይወጣል። ሁለተኛው በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ በነዳጁ ውስጥ የተንሳፈፈው ነው፤ ነዳጁን የሚያደፈርሰው እሱ ነው። ሦስተኛው ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚጠፋው የሟሟው ነው፤ ነዳጁ ጥርት ብሎ እየታየ ውሃው ግን ውስጡ አለ።

ዱቄቱ ፖሊመር ነው፤ ማለትም ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ሰንሰለቶቹ በሶዲየም የተሞሉ ናቸው። ሶዲየሙ ውሃን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሰንሰለቶቹ ግን እርስ በርስ የተሳሰሩ ስለሆኑ መሟሟት አይችሉም፤ ስለዚህ ያብጣሉ። ነዳጁ ወደ ውስጥ አይገባም። በተጣራ ውሃ ውስጥ ዱቄቱ የራሱን ክብደት በመቶዎች እጥፍ ይመጣል። ይህ በየማስታወቂያው የሚጠቀሰው ቁጥር ነው። ውሃው ጨው ካለበት ግን አቅሙ ወደ 30 እስከ 60 እጥፍ ይወርዳል። ካልሲየም ያለበት የጉድጓድ ውሃ ሲሆን ይብሳል፤ ካልሲየም ሰንሰለቶቹን አጥብቆ ስለሚያያይዛቸው ጄሉ እንደልቡ ማበጥ ያቅተዋል። በቤት በታጠበ ባዮዲዝል ውስጥ የሚቀረው ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ ነዳጁ ሲሠራ የተፈጠረ ሳሙናና የተጨመረ ኮስቲክ ሶዳ ቅሪት አለበት። ስለዚህ እኔ የማሰላው 10 እጥፍ ብቻ ብዬ ነው፤ ከዚያ በላይ ከመጠጠ ትርፍ ነው።

የሟሟው ውሃ ጉዳይ ሌላ ነው። ባዮዲዝል በተለመደው የክፍል ሙቀት በኪሎ እስከ 1,500 ሚሊግራም ገደማ ውሃ አሟሙቶ ይይዛል፤ ናፍጣ ግን ከ100 ሚሊግራም ብዙም አይዘልም። ጄሉ የሟሟውን ውሃ ጨርሶ አይነካም ማለት አይደለም፤ ደረቅ ዱቄት ከአየርም እርጥበት ይስባል፣ ከነዳጅም ይስባል። ነገር ግን እንዲህ ሲሆን የሚወስደው የክብደቱን ብዙ እጥፍ ሳይሆን የክብደቱን ክፍልፋይ ነው። በቁጥር እንየው። 100 ሊትር ባዮዲዝል 88 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውሃውን በኪሎ ከ1,200 ወደ 500 ሚሊግራም ለማውረድ 62 ግራም ውሃ መውጣት አለበት። ያ ውሃ በጠብታ መልክ ቢሆን ኖሮ ከ10 ግራም ያነሰ ዱቄት ይበቃው ነበር። ሟሟቶ ከሆነ ግን ዱቄቱ የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ይወስዳል ብንል እንኳ 300 ግራም ይፈልጋል፤ ያውም ዱቄቱ አጥንቱ ድረስ ደርቆ ከገባ ነው። እዚህ ላይ ሙቀት ከጄል በጣም ይረክሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለ100 ሊትር፦ 50 ግራም ውሃ መጣጭ ዱቄት፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ አቡጀዲ፣ መርፌና የፖሊስተር ክር፣ ታችኛው በኩል ሩቢኔቶ ያለው በርሜል፣ እስከ 200 ዲግሪ የሚያነብ የኩሽና ቴርሞሜትር፣ 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን፣ ክዳን ያላቸው ሁለት ሦስት የብርጭቆ ማሰሮዎች፣ 10 ማይክሮንና ከ2 ማይክሮን ያልበለጠ የነዳጅ ፊልትሮ (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ማስክ፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ።

ዱቄቱ ከየት ይገኛል? ለአትክልት እርጥበት መያዣ ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ የፖታሲየም ዓይነቱ ነው፤ ይሠራል፤ እንዲያውም ፍሬው ተለቅ ስለሚል ለነዳጅ ይሻላል። ካልተገኘ ዳይፐር አለ። የዳይፐሩን የላይኛውን ስስ ጨርቅ ቀዳችሁ መሃሉን ከነጥጡ ትልቅ ፌስታል ውስጥ ጨምሩ፣ አፉን ያዙና ለሁለት ሦስት ደቂቃ በደንብ አራግፉ። ጥጡ ከላይ ይቀራል፤ ዱቄቱ የፌስታሉ ጥግ ላይ ይከማቻል። ከአንድ ተለቅ ያለ ዳይፐር 10 ግራም ገደማ ይወጣል። ይህን ስትሠሩ ማስክ አድርጉ፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። ጥጡንም በደንብ ልዩት፤ የጥጥ ጭራ በኋላ ፊልትሮ ላይ ችግር ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ሜታኖሉንና ሳሙናውን አስወግዱ

ዘይቱን ወደ ባዮዲዝል ለመቀየር የተጨመረው አልኮል፣ ሜታኖል፣ በነዳጁ ውስጥ ካለ ጄሉ በቅጡ አያብጥም፤ ውሃውም ከሜታኖሉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሜታኖል በ11 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ተቀጣጣይ ትነት ይሰጣል፤ ትነቱ መርዝ ነው፣ ዓይንም ያጠፋል። ስለዚህ ነዳጁ በደንብ ሳይታጠብ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

ሳሙና መቅረቱን ለማወቅ ማሰሮ ውስጥ ግማሽ ነዳጅ ግማሽ ንፁህ ውሃ ጨምራችሁ ለአሥር ሰከንድ በኃይል ናጡት። በአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጥርት ባለ መስመር ከተለያየና ታች ያለው ውሃ ንፁህ ከሆነ ጥሩ ነው። መሃል ላይ ነጭ አረፋ መሳይ ድርብ ከቀረ፣ ወይም ውሃው ወተት ከመሰለ፣ እንደገና እጠቡ። ሳሙና ጠብታዎቹን አቅፎ ስለሚይዛቸው ከጄሉ ጋር ቢነካኩም እንኳ በቀላሉ አይለቃቸውም። የመጨረሻው እጥበት በዝናብ ውሃ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሲየም የለበትም፣ ጄሉም አቅሙ ይጠበቅለታል።

ደረጃ 2፦ አጥልሉ፣ አሙቁ፣ አቀዝቅዙ

ከእጥበት በኋላ ነዳጁን ሳትነኩ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ታች የተኛውን ውሃ በሩቢኔቶው ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ ነዳጅ መምጣት ሲጀምር ዝጉ።

ቀጥሎ ነዳጁን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቁት፤ ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ ለሁለት ሦስት ሰዓት አዘዋውሩት። ትንሽ ፓምፕ ከታች ስቦ ከላይ በሻወር መልክ ቢረጨው የበለጠ ይተናል። ማሞቂያው የተሸፈነ የኤሌክትሪክ ይሁን፤ እሳት ከሥሩ አታንድዱ። እዚህ ላይ ወቅቱ ትልቅ ልዩነት አለው። የነዳጁ ድርቀት ከአየሩ ድርቀት ጋር ስለሚመጣጠን፣ አዲስ አበባ ላይ በበጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር፣ ይህ ሥራ ብቻውን ነዳጁን ከሞላ ጎደል ያደርቀዋል፤ ጄል ላያስፈልግም ይችላል። በክረምት ግን፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለሚሞላ ምንም ያህል ብታዘዋውሩት ውሃው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ጄል ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ያኔ ነው።

ከዚያ የማቀዝቀዝ ነገር አለ። ትኩስ ነዳጅ ብዙ ውሃ ያሟሙታል፤ ሲቀዘቅዝ የመያዝ አቅሙ ይቀንስና ትርፉን በጠብታ መልክ ይተፋዋል። ጄሉ የሚፈልገው ደግሞ ጠብታ ነው። ስለዚህ ጄሉን ትኩስ ነዳጅ ውስጥ አትንከሩ። ነዳጁ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ይደር፤ ጠዋት፣ ፀሐይ በርሜሉን ሳያሞቀው፣ ጄሉን አግቡ። ትኩስ እያለ የጠራ የመሰለ ነዳጅ ጠዋት ደፍርሶ ብታገኙት አትደንግጡ፤ የተደበቀው ውሃ ወጥቶ መታየቱ ነው።

አንድ ነገር ግን ሰውን በብዛት ያሳስታል። በእኛ አገር ቺፕስ፣ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ የሚጠበስበት ዘይት በአብዛኛው ፓልም ነው። ከፓልም ዘይት የሚሠራ ባዮዲዝል ከ13 እስከ 16 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱ መርጋት ይጀምራል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት የምታዩት ድፍርስ ነገር ውሃ ላይሆን ይችላል፤ የረጋ ስብ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ከደፈረሰው ማሰሮ ሙሉ ቅዱና ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ነዳጁ 20 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ። ስብ ከሆነ ድፍርሱ ይጠፋል፤ ማሰሮውን ወደ ብርሃን ይዛችሁ ስታዩት ከበስተኋላው ያለ የጋዜጣ ጽሑፍ ይነበባል። ውሃ ከሆነ ጭጋጉ ትንሽ ይሳሳ እንጂ አይለቅም፤ ጥቂት ሲቆይም ማሰሮው ታች ላይ ደቃቅ የሚንከባለሉ እንክብሎች ታያላችሁ። ነዳጃችሁ የፓልም ከሆነ ከ18 ዲግሪ በታች አታውርዱት፤ የረጋ ስብ ከረጢቶቹን ይለብሳቸውና ውሃው ጄሉ ጋር እንዳይደርስ ያደርጋል። ከኑግ ወይም ከሱፍ ዘይት የተሠራ ከሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።

የጉሎ ዘይት የሞከረ ካለ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። የጉሎ ባዮዲዝል ከሌሎቹ ይበልጥ ከውሃ ጋር ስለሚወዳጅ የሚያሟሙተው ውሃ ብዙ ነው፤ በጄል ብቻ ለማድረቅ አትልፉ።

ደረጃ 3፦ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ለኩ

ቀላል ብርጭቆ መዝኑ፤ ውስጡ 200 ግራም ነዳጅ ጨምሩ፤ እስከ 120 ዲግሪ አሙቁና 20 ደቂቃ በዚያው ሙቀት አቆዩት። ከድኑት፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና መዝኑ። 0.1 ግራም ከቀነሰ 0.05 በመቶ ነው፤ 0.4 ግራም ከቀነሰ 0.2 በመቶ ነው። የቀረ ሜታኖል ካለ እሱም አብሮ ስለሚተን ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። ይህን ሥራ ከቤት ውጪ፣ ከዋናው ነዳጅ ርቃችሁ አድርጉት። ቁርጥ ያለ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ካርል ፊሸር የሚባል መለኪያ ያለው ላቦራቶሪ መሄድ አለበት።

ከ0.3 በመቶ በላይ ከሆነ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ጄል የምታገቡት ከዚያ በታች ሲሆን ነው።

ደረጃ 4፦ ዱቄቱን አድርቁ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። የተከፈተ ከረጢት ውስጥ የቆየ ዱቄት፣ በተለይ በክረምት፣ ከአየር እርጥበት ጠጥቶ አቅሙን በከፊል ጨርሷል። ትሪ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ በ105 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለሁለት ሰዓት አድርቁት፤ ከዚያ ገና ለብ እያለ ክዳኑ በሚገጥም ማሰሮ ውስጥ ጨምሩት። እጃችሁ ደረቅ ይሁን።

ደረጃ 5፦ ከረጢቱን ስፉ

ዱቄቱን በቀጥታ ነዳጅ ውስጥ አትበትኑ። ይህን ደግሜ እለዋለሁ፤ አትበትኑ። ምክንያቱን ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ።

አቡጀዲውን አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፤ ፋብሪካ ላይ የተቀባው ስታርች መልቀቅ አለበት። 15 በ20 ሴንቲሜትር የሆኑ አምስት ከረጢቶች ስፉ፤ ስፌቱ ድርብ ይሁን፣ ጠርዙም ወደ ውስጥ ይታጠፍ። እያንዳንዳቸው ውስጥ 10 ግራም ብቻ ጨምሩ። ባዶ ይመስላል፤ ይምሰል። 10 ግራም ዱቄት ውሃ ሲያገኝ ሩብ ሊትር ጄል ለመሆን አይቸገርም፤ ቦታ ካላገኘ ስፌቱን ይቀደዋል። አንድ ትልቅ ከረጢት ለምን አይሆንም? ምክንያቱም በመጀመሪያ ውሃ የነካው የዳሩ ዱቄት አብጦ ግድግዳ ይሆናል፤ ውሃው ወደ መሃል ማለፍ ያቅተዋል። ያበጠ ትልቅ ከረጢት ቀዳችሁ ብታዩ ዳር ዳሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ ጄል ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ገባ ስትሉ ግን ነጭ፣ ደረቅ፣ ጣት ላይ የሚንኮሻኮሽ ዱቄት ታገኛላችሁ። ግማሹ ሥራ ሳይሠራ ቀርቷል ማለት ነው።

አፉን ሰፍታችሁ ከዘጋችሁ በኋላ እያንዳንዱን ከረጢት ከቤት ውጪ፣ ማስክ አድርጋችሁ፣ ብናኝ መውጣት እስኪያቆም ድረስ በእጅ መታ መታ አድርጉት። በጨርቁ ቀዳዳ ማለፍ የሚችለው ደቃቅ ብናኝ አሁን ይውጣ፤ ነዳጅ ውስጥ ከሚወጣ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ንከሩ

ከረጢቶቹን በሽቦ ወይም በናይሎን ገመድ በርሜሉ ውስጥ አንጠልጥሉ፤ ሁለቱ ዝቅ ብለው፣ ሦስቱ መካከል ላይ። ዝቅ ያሉት የበርሜሉን ወለል አይንኩ፤ አንድ ስንዝር ከፍ ይበሉ። ወለሉ ላይ ከተኙ ታች የቀረችውን ትንሽ ውሃ ጠጥተው ወዲያው ይጠግባሉ፤ የተንሳፈፈውን ጠብታ የሚለቅምላችሁ አይኖርም። ለወለሉ ውሃ ሩቢኔቶው አለ።

ጠብታው ጄሉ ጋር ካልደረሰ አይመጠጥም፤ ስለዚህ ነዳጁ መንቀሳቀስ አለበት፤ ግን በዝግታ። በፍጥነት የሚሽከረከር ፓምፕ ጠብታዎቹን ይበልጥ አድቅቆ ያበጠብጣቸዋልና ሥራችሁን ያበላሸዋል። በየሁለት ሰዓቱ በንፁህ እንጨት ቀስ ብሎ ማማሰል ወይም ዝግተኛ የእጅ ፓምፕ ይበቃል። በርሜሉ ተከድኖ ይሁን፤ አለበለዚያ ጄሉ የበርሜሉን ሳይሆን የሰፈሩን እርጥበት እያደረቀ ነው የሚውለው።

ከ12 እስከ 24 ሰዓት ተዉት። መሃል ላይ አንድ ጊዜ ከረጢቶቹን በጓንት አሸት አሸት አድርጓቸው፤ ዳሩ ላይ ያበጠው ይሰበርና ደረቁ ወደ ውጪ ይወጣል። ሁሉም ከረጢት አብጦ ከጠነከረ አቅማቸው አልቋል፤ አዲስ አምስት አግቡ። ሁለት ዙር አግብታችሁ አሁንም ሁሉም ካበጡ ግን ጥፋቱ የጄሉ አይደለም፤ ደረጃ 2 በቅጡ አልተሠራም።

ነዳጅ ከበርሜል ወደ መኪና በፓምፕ የሚቀዱ ሰዎች ውሃ መጣጭ ካርትሪጅ የሚባለውን፣ ውስጡ ይኸው መጣጭ ፖሊመር ያለበትን ማጣሪያ፣ ገዝተው በመስመሩ ላይ ቢያስገቡ ከረጢት አያስፈልጋቸውም። ካርትሪጁ ሲጠግብ አብጦ መስመሩን ይዘጋል፤ ፍሰቱ ሲቀንስ ቀይሩት። ግፊት ጨምራችሁ አታስገድዱት።

ደረጃ 7፦ ከጄሉ በኋላ ፊልትሮ

ከረጢቶቹን ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ አትጭመቁ። ነዳጁን ከላይ በኩል ቅዱና መጀመሪያ በ10፣ ቀጥሎ ከ2 ማይክሮን ባልበለጠ ፊልትሮ አሳልፉት። የመጨረሻውን አምስት ሊትር ለብቻ አስቀምጡና ለሚቀጥለው ዙር መልሱት።

ይህን ደረጃ ማንም እንዳይዘለው አንድ በደንብ የተመረመረ አደጋ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2010 ከኢንዶኔዥያ ሱራባያ ተነስቶ ወደ ሆንግ ኮንግ ይበር የነበረ የካቴይ ፓሲፊክ ኤርባስ ኤ330፣ 322 ሰዎች ጭኖ እያለ የሁለቱንም ሞተሮች ቁጥጥር አጣ። አንደኛው ሞተር ከፍ ያለ ጉልበት ላይ ተቀርቅሮ አልወርድ አለ፤ ሌላው ከዝቅተኛው አልነሳም አለ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ከተለመደው እጅግ በበለጠ ፍጥነት ሆንግ ኮንግ ላይ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው አልነበረም። ምርመራው ያገኘው ምንድን ነው? በሱራባያ ኤርፖርት የነዳጅ መስመር ውስጥ ጨዋማ ውሃ ገብቶ ነበር። ያ ውሃ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ያለውን ይህንኑ መጣጭ ፖሊመር አበላሸውና ደቃቅ ድቡልቡል ቅንጣቶች ሆኖ ወደ ታንከሩ አለፈ፤ ሄዶም የሞተሮቹን የነዳጅ መቆጣጠሪያ ክፍል ያዘው። የአቪዬሽን ነዳጅ ዘርፍ በኋላ ይህን ዓይነት ማጣሪያ ከአገልግሎት እንዲወጣ ወሰነ።

የናፍጣ ኖዝል ቀዳዳም ከዚያ የሚሰፋ አይደለም። ጄል ነዳጅ ውስጥ አይሟሟም፣ አይቃጠልም፣ ለስላሳ ስለሆነም በግፊት ተጨምቆ በጠባብ ቦታ ያልፍና ሌላ ቦታ ይሰነቀራል። ኮመን ሬል (ነዳጁን በጣም ከፍተኛ በሆነ ግፊት የሚረጭ አዲስ ዓይነት የናፍጣ) ሞተር ያለው መኪና የሚነዳ ሰው በጄል የደረቀ የቤት ባዮዲዝል ባይጨምር እመርጣለሁ፤ ለቆየ የናፍጣ ሞተር፣ ለጄኔሬተርና ለውሃ ፓምፕ ይቆየው።

ደረጃ 8፦ መድረቁን አረጋግጡ

ሦስት ፈተናዎች አሉ፤ ሦስቱንም ማለፍ አለበት።

የመጀመሪያው የጋዜጣው ነው። ነዳጁ 20 ዲግሪ ላይ ሆኖ በማሰሮው ውስጥ አሻግራችሁ ጽሑፍ ማንበብ አለባችሁ። ይህ ጠብታ አለመኖሩን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሁለተኛው የመጥበሻው ነው። ደረቅ መጥበሻ 150 ዲግሪ ገደማ አሙቁ፤ የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ፣ ከነዳጁ ማጠራቀሚያ ርቃችሁ፣ ጥቂት ጠብታ ጣሉበት። ቸስ ቸስ ካለ ወይም ደቃቅ አረፋ ከፈላ ውሃ አለ። ጸጥ ብሎ ከተዘረጋ ውሃው ቢያንስ ጥቂት ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይሠራውም፤ ለኔ ግን ዋናው ነው። አንድ እጅ ባዮዲዝል ከአራት እጅ ንፁህ፣ የጠራ ናፍጣ ጋር ማሰሮ ውስጥ ቀላቅሉና ከድናችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አሳድሩት። ናፍጣ ውሃ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ፣ ባዮዲዝሉ አሟሙቶ የደበቀው ውሃ በድብልቁ ውስጥ መግቢያ ያጣና ጭጋግ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱ ለየብቻ የጠሩ ሆነው ድብልቁ ጠዋት ከደፈረሰ ባዮዲዝሉ ገና አልደረቀም። የፓልም ነዳጅ ከሆነ 20 ዲግሪ ላይ እንደገና እዩት፤ ስብ እንዳያሳስታችሁ።

ያለፈውን ነዳጅ እስከ አፉ በሞላ፣ በሚገጥም ጀሪካን አስቀምጡ። ባዮዲዝል ከአየር ውሃ ይስባል፤ ግማሽ ባዶ በርሜል ቀን ይተነፍሳል፣ ሌሊት ያላበዋል፣ የደከማችሁበትን ሁሉ በአንድ ወር ይመልሰዋል።

ያገለገለውን ጄል ምን ታደርጉታላችሁ?

አድርቆ ደግሞ መጠቀም በወሬ ደረጃ ጥሩ ነው። በተግባር ዘይት የለበሰ ጄል ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይመጥም፤ ነዳጅ የነካውን ከረጢት ኦቨን ውስጥ ማስገባት ደግሞ ቤት ማቃጠል ነው። 50 ግራም ዱቄት ውድ አይደለም፤ ጣሉት።

አጣጣሉ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጄሉን ሽንት ቤት ወይም ፍሳሽ ውስጥ አትድፉ፤ እዚያ ተጨማሪ ውሃ ጠጥቶ ቱቦውን ይደፍነዋል። መጠኑን ለመቀነስ ከረጢቱን ባልዲ ውስጥ ቀዳችሁ የገበታ ጨው ነስንሱበት፤ ጨው ውሃውን ከጄሉ ያስለቅቀዋል፣ ጄሉም ይሟሽሻል። ወለል ላይ የፈሰሰ ጄል በጣም ያንሸራትታል፤ በውሃ ለማጠብ ከሞከራችሁ ይበልጥ ያብጣል፤ በጨው ገድላችሁ በመጥረጊያ ሰብስቡት።

ባዮዲዝል የነካው አቡጀዲ፣ ጥጥና ጨርቅ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ከራሱ ይሞቃል፤ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጪ ገመድ ላይ በተናጠል ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ጣሳ ውስጥ ጨምሩት።

ለኢታኖል ይሠራል?

ይህ ጥያቄ አይቀርም። በአገራችን ከስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል የተባለው አልኮል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ ሲሆን በኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ውሃና ኢታኖል ለእኛ አዲስ ወሬ አይደሉም። መልሱ ግን አይሠራም ነው። ኢታኖል ከውሃ ጋር በማንኛውም መጠን ስለሚዋሐድ ውሃው ጠብታ ሆኖ ተለይቶ አይገኝም፤ ኢታኖሉ ሲበዛም ጄሉ ራሱ ይሟሽሻል፣ የጠጣውን መልሶ ይለቃል። በኢታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን ላይም ውሃ መጣጭ ካርትሪጅ የሚታመን አይደለም፤ ኢታኖሉ ውሃውን ይዞት ሹልክ ይላል። በማንጠር (አፍልቶ ትነቱን መልሶ በማቀዝቀዝ) ብቻ በክብደት ከ95.6 በመቶ በላይ የማይወጣውን ኢታኖል ፍጹም ለማድረቅ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ቀዳዳው 3 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) የሆነ ዚዮላይት የሚባል ባለ ቀዳዳ ማዕድን እንክብል ነው፤ የውሃ ሞለኪውል ገብቶ ይያዛል፣ ኢታኖሉ ግን ስለሚተልቅ ውጪ ይቀራል። እንክብሉም ከ200 ዲግሪ በላይ ተሞቆ ውሃውን ከለቀቀ በኋላ ደጋግሞ ያገለግላል።